ጉበትን የሚያሳድጉና የሚገቱ ፕሮቲኖች

ጉበት ከውስጥ አካላት ሁሉ ትልቁ ነው፤ በአዋቂ ሰው 1.5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ከአንጀት የሚመጣውን ደም ይቀበላል፤ ግሉኮስን ያከማቻል፣ ሰውነት ሲፈልግም ይለቃል። አሞኒያን ወደ ዩሪያ ይለውጣል፤ ሐሞት ያመነጫል፤ አልቡሚንንና ደም የሚያረጉትን ፕሮቲኖች ይሠራል፤ መድኃኒትና መርዝ ከሰውነት እንዲወጡ ያመቻቻል። ከእነዚህ ሥራዎች አብዛኞቹ የሚከናወኑት ሄፓቶሳይት በሚባሉት ዋና ዋና ሕዋሳቱ ውስጥ ባሉ ኢንዛይሞች ነው።

ይህ ሁሉ አቅም ግን ከመጀመሪያው የለም። በሽል ውስጥ ጉበት ሲጀምር ጥቂት ሕዋሳት ብቻ ነው፤ በፅንስነቱ ዋና ሥራው ደም ማምረት ነው፤ ምግብን የማስተዳደሩ ሥራ ሙሉ በሙሉ የሚጸናው ከልደት በኋላ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ፕሮቲኖች አሉት። አንዳንዶቹ አካሉን ይጀምራሉ፣ አንዳንዶቹ ያበዙታል፣ አንዳንዶቹ ሥራ ያስይዙታል፣ ሌሎቹ ደግሞ እድገቱን ያቆማሉ። የአጥቢ እንስሳት ጉበት ጤንነት የሚወሰነው በፕሮቲኖቹ መኖር ብቻ ሳይሆን በሰዓታቸው መምጣታቸውና በሰዓታቸው መሄዳቸውም ጭምር ነው።

የጉበት መነሻ

በሰው ሽል ጉበት የሚበቅለው በአራተኛው ሳምንት ገደማ፣ በአይጥ ደግሞ ከፅንሰት በኋላ በዘጠነኛው ቀን አካባቢ ነው። መነሻው ኢንዶደርም የሚባለው የውስጠኛው ንጣፍ ሲሆን ከዚሁ ንጣፍ አንጀት፣ ሳንባና ቆሽትም ይወጣሉ። ስለዚህ አንድ የንጣፉ ክፍል ጉበት እንዲሆን ከውጭ ትእዛዝ ሊደርሰው ይገባል። ፈረንሳዊቷ ተመራማሪ ኒኮል ለ ዱዋረን በዶሮ ሽሎች ባካሄደችው ጥናት ጉበት እንዲበቅል የልብ መነሻ የሆነው ሕብረ ሕዋስ በአጠገቡ መኖር እንዳለበት አሳየች። ትእዛዙ የትኛው ሞለኪውል እንደሆነ የታወቀው ግን ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የኬኔት ዛሬት ቡድን በአይጥ ሽል ላይ ባደረገው ሥራ ከልብ መነሻ የሚመነጩት ኤፍ-ጂ-ኤፍ የሚባሉ የእድገት ፕሮቲኖች ኢንዶደርሙን ወደ ጉበትነት እንደሚመሩት አረጋገጠ። ከሁለት ዓመት በኋላም ድያፍራም ከሚወጣበት ሕብረ ሕዋስ የሚመጣው ቢ-ኤም-ፒ የተባለው ሁለተኛ ምልክት እንደሚያስፈልግ ታወቀ።

ምልክቱን ለመቀበል ግን ሕዋሱ አስቀድሞ የተሰናዳ መሆን አለበት። በሕዋስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተጠምጥሞ ስለሚታሸግ ብዙዎቹ የጉበት ጂኖች ተዘግተው ይቆያሉ። ፎክስ-ኤ እና ጋታ-4 የሚባሉት ፕሮቲኖች በዚህ በታሸገው ዲኤንኤ ላይ ቀድመው ተጣብቀው ይከፍቱታል። ፎክስ-ኤ ዲኤንኤን የሚይዝበት ክፍል ቅርጹ ራሱ ማሸጊያ ከሆነው የሂስቶን ዓይነት ጋር ይመሳሰላል፤ ሌሎች ጂን አንቂ ፕሮቲኖች ሊገቡ በማይችሉበት ቦታ ሊገባ የቻለውም በዚህ ነው። ሁለቱ የፎክስ-ኤ ዓይነቶች በአንድ ላይ ከአንጀት ንጣፋቸው የጠፉባቸው የአይጥ ሽሎች የጉበት እንቡጥ ጭራሽ አልበቀለላቸውም።

እንቡጡ ከተጀመረ በኋላ ሕዋሳቱ ከንጣፋቸው ወጥተው ወደ አጎራባቹ ሕብረ ሕዋስ መግባት ይኖርባቸዋል። ለዚህም ሥር ያለውን የፕሮቲን መረብ የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ያስፈልጋሉ፤ ሕዋሳቱን እርስ በርስ የሚያያይዘው ፕሮቲንም መላላት አለበት። ይህን ጉዞ ከሚያስተዳድሩት አንዱ ፕሮክስ-1 ነው። ፕሮክስ-1 በሌላቸው የአይጥ ሽሎች የጉበት ሕዋሳቱ ይፈጠራሉ፤ ነገር ግን ከሽፋናቸው ሳይወጡ እዚያው ታጉረው ይቀራሉ። በዚህ ደረጃ የደም ሥር ሕዋሳትም ድርሻ አላቸው። ደም መፍሰስ ሳይጀምር እንኳ እንቡጡን ከብበው ምልክት ይሰጣሉ፤ እነሱ በማይኖሩበት ጊዜ እንቡጡ ማደጉን ያቆማል።

አንድ ሕዋስ፣ ሁለት ዕጣ

እንቡጡን የሚሠሩት ሕዋሳት ሄፓቶብላስት ይባላሉ። እያንዳንዳቸው ወይ ሄፓቶሳይት ወይ የሐሞት ቱቦ ሕዋስ የመሆን ዕድል አላቸው፤ ዕጣቸውን የሚወስነው ያሉበት ቦታ ነው። ከአንጀት ደም በሚያመጣው ፖርታል የደም ሥር ዙሪያ ያሉት ሁለት ምልክቶች ይደርሷቸዋል። አንዱ ቲ-ጂ-ኤፍ ቤታ ሲሆን መጠኑ በደም ሥሩ አጠገብ ከፍ ብሎ እየራቀ ሲሄድ ይቀንሳል። ሁለተኛው ጃግድ-1 ነው፤ በአጠገቡ ባለ ሕዋስ ላይ ሆኖ ኖች የተባለውን ተቀባይ ይነካል። ሁለቱ ሲገናኙ ሕዋሱ የሐሞት ቱቦ ይሆናል። ከደም ሥሩ የራቁት ደግሞ ሄፓቶሳይት ይሆናሉ።

የዚህ ምልክት ብልሽት በሰው ላይ የሚያመጣው ጉዳት በግልጽ ይታወቃል። በ1997 ተመራማሪዎች የአላጂል ሕመም የሚባለው በዘር የሚተላለፍ በሽታ የሚመጣው የጃግድ-1 ጂን ሲበላሽ መሆኑን አገኙ። ሕመሙ ያለባቸው ሕፃናት በጉበታቸው ውስጥ ያሉት የሐሞት ቱቦዎች ጥቂት ስለሆኑ ሐሞት ይጠራቀምባቸዋል፤ ቆዳቸው ቢጫ ይሆናል፣ ያሳክካቸዋልም። ብዙዎቹ የልብና የአከርካሪ አጥንት ችግርም አለባቸው፤ ያው ምልክት በእነዚያ አካላት አፈጣጠር ላይም ስለሚሠራ ነው።

ሄፓቶሳይት የሚሆኑትን ሕዋሳት ኤች-ኤን-ኤፍ-4 አልፋ የተባለው ጂን አንቂ ፕሮቲን ይመራቸዋል። ይህ ፕሮቲን በርካታ የጉበት ጂኖችን የሚያነቃ ሲሆን ሕዋሳቱ እርስ በርስ ተያይዘው በሥርዓት እንዲሰለፉም ያደርጋል። ፕሮቲኑ ከአይጥ ፅንስ ጉበት ሲወገድ ሕዋሳቱ ቢኖሩም ትክክለኛውን የጉበት አደረጃጀት ሳይዙ ይቀራሉ፤ ግሉኮስ የሚያከማቹበት አቅምም ይዳከማል።

ደም የሚያመርተው ጉበት

ከስድስተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ የደም መነሻ ሕዋሳት ወደ ሰው ፅንስ ጉበት ይገባሉ፤ ጉበቱም ዋናው የደም ማምረቻ ይሆናል። በአሥረኛው ሳምንት የጉበቱ ክብደት ከጠቅላላው ሰውነት 10 በመቶ ያህል ይደርሳል፤ በልደት ጊዜ ወደ 5 በመቶ፣ በአዋቂነት ደግሞ ወደ 2 በመቶ ይወርዳል። እነዚህ የደም ሕዋሳት ጎረቤቶቻቸው የሆኑትን ሄፓቶሳይቶች ያበስላሉ። ኦንኮስታቲን-ኤም የተባለ ፕሮቲን ያመነጫሉ፤ ይህም የሄፓቶሳይቱን ኢንዛይሞች ማምረት ያበረታታል። በመጨረሻ የደም ማምረት ሥራው ወደ አጥንት መቅኔ ሲዛወር ጉበቱ ለሌላው ሥራ ነፃ ይሆናል።

ፅንሱ ባለበት ጊዜ ጉበቱ በብዛት የሚለቀው ፕሮቲን አልፋ-ፌቶፕሮቲን ነው። የዚህ ፕሮቲን ጂን ከአልቡሚን ጂን ጋር በአንድ ክሮሞሶም ላይ ጎን ለጎን የሚገኝ ሲሆን ሁለቱም ከአንድ ጥንታዊ ጂን የወጡ ናቸው። አልፋ-ፌቶፕሮቲን ከልደት በኋላ በወራት ውስጥ በእጅጉ ይቀንሳል፣ አልቡሚን ግን እድሜ ልክ ይቀጥላል። በ1963 በሞስኮ የሚሠራው ጋሪ አቤሌቭ ይህ የፅንስ ፕሮቲን የጉበት ዕጢ ባላቸው አይጦች ደም ውስጥ ተመልሶ እንደሚታይ አሳየ። በቀጣዩ ዓመት ዩሪ ታታሪኖቭ በጉበት ካንሰር በታመሙ ሰዎች ደም ውስጥ አገኘው። ከዚያ ወዲህ በደም ውስጥ ያለው መጠኑ የጉበት ካንሰርን ለመከታተል ከሚያገለግሉት ምርመራዎች አንዱ ሆኗል።

ልደትና የኢንዛይሞች ተራ

በማሕፀን ውስጥ ፅንሱ ግሉኮስ የሚያገኘው ከእናቱ ነው፤ ቆሻሻውንም እንግዴ ልጁ ያስወግድለታል። እትብቱ እንደተቆረጠ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቋረጣል። በጨቅላው ደም ውስጥ ያለው ስኳር ይወርዳል፣ ኢንሱሊን ይቀንሳል፣ ግሉካጎን ይጨምራል። ጉበቱም በሰዓታት ውስጥ ግሉኮስ ማምረት መጀመር አለበት። አሜሪካዊው ሪቻርድ ሀንሰንና ባልደረባው ባላርድ በ1967 ከላክቴትና ከአሚኖ አሲዶች ግሉኮስ ለመሥራት ወሳኝ የሆነው ፔፕሲኬይ የተባለው ኢንዛይም በአይጠ መጎጥ ፅንስ ጉበት ውስጥ የሌለ መሆኑንና ከልደት በኋላ ወዲያው እንደሚታይ አሳዩ። ግሉኮስን ከፎስፌት አላቅቆ ወደ ደም የሚለቀው ግሉኮስ-6-ፎስፋቴዝም በዚያው ሰሞን ከፍ ይላል።

ኦልጋ ግሪንጋርድ በ1960ዎቹ መጨረሻ የአይጠ መጎጥን የጉበት ኢንዛይሞች ስታጠና አመጣጣቸው በዘፈቀደ እንዳልሆነና በጅምላ ተራ የሚይዙ ሦስት ቡድኖች መኖራቸውን አስተዋለች። የመጀመሪያው ቡድን በፅንስ መጨረሻ ይመጣል፤ ግሉኮስን በግላይኮጅን መልክ የሚያከማቹና ዩሪያ ለመሥራት የሚያገለግሉ ኢንዛይሞች ከእሱ ይቆጠራሉ። ሁለተኛው በልደት ወቅት የሚመጣ ሲሆን ታይሮሲን አሚኖትራንስፌሬዝና ፔፕሲኬይ ይገኙበታል። ሦስተኛው ግልገሎቹ ጡት ሊጥሉ ሲቃረቡ ይመጣል። ከመጨረሻዎቹ አንዱ ግሉኮካይኔዝ ነው፤ ብዙ ግሉኮስ ከምግብ ሲመጣ ጉበቱ እንዲይዘው የሚያደርገው ኢንዛይም ሲሆን በአይጠ መጎጥ ላይ የሚታየው ከልደት ሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ነው። ወተት ብዙ ስብና ጥቂት ስኳር ስላለው እስከዚያ ድረስ አያስፈልግም።

ግሪንጋርድ ምክንያቱንም ፈተሸች። ገና በማሕፀን ላሉ ፅንሶች ታይሮክሲን ወይም ግሉካጎን ስትወጋ አንዳንዶቹ ኢንዛይሞች ከቀናቸው አስቀድመው ታዩ። ስለዚህ ተራውን የሚያስይዙት በደም ውስጥ የሚጨምሩና የሚቀንሱ ሆርሞኖች መሆናቸው ተረጋገጠ። ለመጀመሪያው ቡድን የታይሮይድና የአድሬናል ሆርሞኖች፣ ለሁለተኛው በተለይ ግሉካጎን፣ ለሦስተኛው ደግሞ የአድሬናል ሆርሞኖችና የምግብ ለውጥ ትልቁን ድርሻ ይይዛሉ። ሆርሞን ግን ዝግጁ ያልሆነ ጂንን አያስነሳም። ያው ግሉካጎን ጊዜው ሳይደርስ ቢሰጥ የማይፈጥረውን ኢንዛይም በልደት ዋዜማ ቢሰጥ ይፈጥረዋል።

ከኢንዛይሞቹ መምጣት ጎን ለጎን ዓይነታቸውም ይለዋወጣል። ስኳርን የሚያፈርሰው ፓይሩቬት ካይኔዝ በፅንስ ጉበት ኤም-2 በሚባለው ዓይነቱ ይገኛል፤ በበሰለ ጉበት ደግሞ ኤል የተባለው ዓይነት ይተካዋል። አልዶሌዝም ከኤ ዓይነት ወደ ቢ ዓይነት ይዞራል። የፅንሱ ዓይነቶች ለሚባዛ ሕዋስ የሚስማሙ ሲሆኑ የአዋቂው ዓይነቶች ደግሞ ለሌሎች አካላት የሚያገለግል ጉበት የሚፈልጋቸው ናቸው።

ያልደረሰ ኢንዛይም የሚያስከትለው

ከልደት በኋላ ብዙ ሕፃናት ለጥቂት ቀናት ቢጫ የሚሆኑት በአንድ ኢንዛይም መዘግየት ነው። ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ ቢሊሩቢን ይወጣል፤ ጉበት ከሰውነት ሊያስወጣው ከግሉኩሮኒክ አሲድ ጋር ማያያዝ አለበት፤ ይህን የሚያደርገው ዩ-ጂ-ቲ-1-ኤ-1 የተባለው ኢንዛይም ነው። በጨቅላ ሕፃን የዚህ ኢንዛይም አቅም ከአዋቂው 1 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን ወደ አዋቂው ደረጃ የሚደርሰው በሦስት ወር ገደማ ነው። መጠኑ ከልክ ያለፈ ቢሊሩቢን አንጎልን ስለሚጎዳ ሐኪሞች ሕፃኑን በሰማያዊ ብርሃን ሥር ያስተኙታል። ብርሃኑ የቢሊሩቢንን ቅርጽ ስለሚለውጠው ያለ ኢንዛይሙ እርዳታ ይወጣል። ይህ ሕክምና የተጀመረው በ1950ዎቹ በእንግሊዝ፣ በኤሴክስ በሚገኘው ሮችፎርድ ሆስፒታል ነው።

መድኃኒትን በተመለከተ ጉዳቱ የከፋ ሊሆን ይችላል። በ1959 ክሎራምፌኒኮል የተሰጣቸው ጨቅላዎች ቆዳቸው ግራጫ እየሆነ፣ ደም ግፊታቸው እየወረደ መሞታቸው ተዘገበ። መድኃኒቱን ከግሉኩሮኒክ አሲድ ጋር የሚያያይዙት ኢንዛይሞች ገና ስላልደረሱ ከሰውነታቸው አልወጣ ብሎ ተጠራቅሞባቸው ነበር። ካፌይንም ሌላው ምሳሌ ነው። በአዋቂ ሰው ግማሹ በአምስት ሰዓት ያህል ሲወገድ ያለጊዜው በተወለደ ሕፃን ግን አራት ቀን ገደማ ይፈጃል፤ የሚፈጨው ሲ-ዋይ-ፒ-1-ኤ-2 የተባለው ኢንዛይም ከሚዘገዩት አንዱ ስለሆነ ነው። ሐኪሞች ይህንኑ አውቀው አተነፋፈሳቸው ለሚቆራረጥ ያለጊዜው የተወለዱ ሕፃናት ካፌይንን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣሉ። በፅንሱ ጉበት የሚገኘው ሲ-ዋይ-ፒ-3-ኤ-7 ደግሞ ከልደት በኋላ ቀስ በቀስ በሲ-ዋይ-ፒ-3-ኤ-4 ይተካል፤ ይህ ተተኪ ኢንዛይም በገበያ ላይ ካሉት መድኃኒቶች ብዙዎቹን ያፈርሳል።

የተቆረጠ ጉበት

የበሰለ ጉበት ሕዋሳት አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚከፋፈሉት፤ የማደግ ችሎታቸው ግን አይጠፋም። በ1931 በማዮ ክሊኒክ ሂጊንስና አንደርሰን የአይጠ መጎጥን ጉበት ሁለት ሦስተኛ ቆርጠው ሲያወጡ የቀረው በ7 እስከ 10 ቀናት ወደ ቀድሞ ክብደቱ ተመለሰ። የተቆረጡት ክፍሎች ራሳቸው አይበቅሉም፤ የቀሩት ክፍሎች ናቸው የሚያድጉት። ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ የጉበት እድገት የሚጠናበት ዋና መንገድ ሆኖ ቀጥሏል። በ1967 ሙልተንና ናንሲ በቸር ሁለት አይጠ መጎጦችን በደም ሥራቸው አገናኝተው የአንደኛውን ጉበት ሲቆርጡ ያልተቆረጠው እንስሳ ጉበትም መከፋፈል ጀመረ። ትእዛዙ በደም ይተላለፋል ማለት ነው።

የደሙ ትእዛዝ ዋና አካል የሆነውን ፕሮቲን ጃፓናዊው ቶሺካዙ ናካሙራ በ1984 ለይቶ አወጣ፤ በ1989 ጂኑ ታወቀ፤ ኤች-ጂ-ኤፍም ተባለ። ኤች-ጂ-ኤፍ ፕላዝሚኖጅን ከሚባለው የደም ፕሮቲን ጋር ዘመድ ሲሆን ኢንዛይም የሚመስል ቅርጽ ቢኖረውም ኢንዛይምነቱን አጥቷል። የሚመረተው በቦዘነ መልኩ ነው። ንቁ እንዲሆን ሌላ ኢንዛይም በአንድ ነጥብ ላይ ቆርጦ ለሁለት ሊከፍለው ይገባል፤ ከእነዚህ ቆራጮች አንዱ ዩሮካይኔዝ ነው። ጉበት ሲቆረጥ የዩሮካይኔዝ አቅም በደቂቃዎች ውስጥ ይጨምራል፤ በሕዋሳት መካከል ባለው መረብ ላይ ተከማችቶ የነበረው ኤች-ጂ-ኤፍም ይነቃል። ከዚያም በሄፓቶሳይቱ ሽፋን ላይ ያለውን ሜት የተባለ ተቀባይ ይይዛል። ሜት ራሱ ኢንዛይም ነው፤ ሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት በመለጠፍ ትእዛዙን ወደ ሕዋሱ ውስጥ ያስገባል። በ1995 የወጡ ጥናቶች ኤች-ጂ-ኤፍ ወይም ሜት የሌላቸው የአይጥ ሽሎች ጉበታቸው አንሶ ሳይወለዱ እንደሚሞቱ አሳዩ። ስለዚህ ይኸው ጥንድ በሽልም በአዋቂም ያገለግላል።

ሄፓቶሳይቱ ለትእዛዙ የሚዘጋጀው በሌላ ምልክት ነው። በጉበት ውስጥ ያሉት ኩፕፈር የሚባሉ ተከላካይ ሕዋሳት ቲ-ኤን-ኤፍ እና ኢንተርሉኪን-6 ይለቃሉ፤ እነዚህም በሄፓቶሳይቱ ውስጥ ኤን-ኤፍ ካፓ-ቢ እና ስታት-3 የተባሉትን ጂን አንቂ ፕሮቲኖች ያነቃሉ። በ1996 ኢንተርሉኪን-6 የሌላቸው አይጦች ጉበታቸው ሲቆረጥ እድገቱ መሰናከሉ ታየ። ከዚህ በኋላ ዲኤንኤን ለመባዛት የሚያዘጋጁት ኢንዛይሞች ይከተላሉ። ፖሊአሚን የሚሠራው ኦርኒቲን ዲካርቦክሲሌዝ በሰዓታት ውስጥ ይጨምራል፤ የዲኤንኤ ግብአት የሚያቀርቡት ታይሚዲን ካይኔዝና ራይቦኑክሊዮታይድ ሪዳክቴዝም በተራቸው ይነሳሉ። በአይጠ መጎጥ ዲኤንኤ ማባዛት ከቀዶ ሕክምናው 24 ሰዓት ያህል በኋላ ጣራ ላይ ይደርሳል።

የሄፓቶሳይት የመከፋፈል ችሎታ ምን ያህል እንደሆነ የታየው በኤፍ-ኤ-ኤች ኢንዛይም ጉድለት ባላቸው አይጦች ነው። ይህ ኢንዛይም ታይሮሲንን በማፍረስ ሂደት የመጨረሻው ሲሆን በሰው ላይ ሲጎድል ታይሮሲኔሚያ የተባለውን የሕፃናት በሽታ ያመጣል። ተመራማሪዎች ጤናማ ሄፓቶሳይቶችን ወደ እነዚህ አይጦች ጉበት ሲከትቱ የገቡት ሕዋሳት የተበላሹትን ተክተው ጉበቱን ሞሉት። ከዚያ ወደ ሌላ አይጥ፣ ከዚያም ወደ ሌላ እየተሸጋገሩ በድምሩ ቢያንስ 69 ጊዜ እጥፍ መሆን እንደሚችሉ ታወቀ።

እድገትን የሚያቆሙት

ጉበት ካደገ በኋላ መቆም አለበት። ከትንሽ ውሻ የተወሰደ ጉበት ወደ ትልቅ ውሻ ሲተከል ለአዲሱ ሰውነት የሚመጥን ያህል ያድግና ይቆማል። ይህ መጠን መጠበቅ ቢያንስ በሁለት ሥርዓቶች ይመራል። አንዱ ቲ-ጂ-ኤፍ ቤታ ነው፤ ዲኤንኤ ማባዛትን ይገታል፤ አክቲቪን የተባለው ዘመዱም ያግዘዋል።

ሁለተኛው ሂፖ የሚባለው የኢንዛይሞች ሰንሰለት ሲሆን መጀመሪያ የተገኘው በፍራፍሬ ዝንብ ላይ ነው። በመኪና ፍሬን ይመሰላል። ኤም-ኤስ-ቲ የሚባለው ካይኔዝ ላትስ የሚባለውን ሲያነቃና ላትስ ያፕ በተባለው ፕሮቲን ላይ ፎስፌት ሲለጥፍበት ያፕ ወደ ሕዋሱ አስኳል ሳይገባ ውጭ ይቀራል። ፍሬኑ ሲለቀቅ ያፕ ይገባና እድገት የሚያዙትን ጂኖች ያነቃል። በ2007 ተመራማሪዎች በአይጥ ጉበት ውስጥ ያፕን ከልክ በላይ እንዲመረት ሲያደርጉ ጉበቱ ከሰውነት ክብደት 5 በመቶ አካባቢ ከነበረበት ወደ 25 በመቶ ደረሰ። ያፕ ሲቋረጥ ወደ መደበኛ መጠኑ ተመለሰ፤ ለረጅም ጊዜ ሲቀጥል ግን ካንሰር አስከተለ።

ሐሞትም መልእክት ያስተላልፋል። የሐሞት አሲዶች ኤፍ-ኤክስ-አር የተባለውን ተቀባይ ሲይዙ ጉበቱ ያድጋል፤ ተቀባዩ በሌላቸው አይጦች ጉበቱ ሲቆረጥ መልሶ ማደጉ ይዘገያል። ጉበት ባነሰ ቁጥር ያው የሐሞት አሲድ ለጥቂት ሕዋሳት ስለሚበዛ የአካሉ መጠን ከሥራው ጫና ጋር የሚመዛዘንበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

የሥራ ክፍፍል፣ ካንሰርና ላብራቶሪ

ጉበቱ ከበሰለ በኋላም ሕዋሳቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠሩም። አሞኒያን ወደ ዩሪያ ለመለወጥ የመጀመሪያውን እርምጃ የሚወስደው ካርባሞይል ፎስፌት ሲንተቴዝ ደም ከሚገባበት ከፖርታል የደም ሥር አጠገብ ይበዛል። ግሉታሚን ሲንተቴዝ ደግሞ ደም ከሚወጣበት ከማዕከላዊው የደም ሥር ዙሪያ ባሉ ጥቂት ረድፍ ሕዋሳት ብቻ ይገኛል፤ ከፊተኞቹ ያመለጠውን አሞኒያ የመጨረሻዎቹ ይይዙታል። ይህን ቦታ የሚያሲዘው ዊንት የሚባለው ምልክትና ተከታዩ ቤታ-ካቴኒን ነው።

በካንሰር ሕዋስ እነዚህ ደረጃዎች ወደ ኋላ ይመለሳሉ። አልፋ-ፌቶፕሮቲን ዳግም ይመረታል፤ ፓይሩቬት ካይኔዝና አልዶሌዝ ወደ ፅንስ ዓይነታቸው ይዞራሉ፤ የአዋቂ ጉበት ኢንዛይሞች ይቀንሳሉ። በእድገት ጊዜ የሚያስፈልጉት ቤታ-ካቴኒን፣ ሜትና ያፕ በብዙ የጉበት ዕጢዎች ያለ ገደብ ሲሠሩ ይገኛሉ።

በላብራቶሪ ደግሞ ይኸው ቅደም ተከተል ለጥቅም ይውላል። ተመራማሪዎች ማንኛውንም ዓይነት ሕዋስ መሆን የሚችሉ የሰው ግንድ ሕዋሳትን ወደ ሄፓቶሳይት ለመለወጥ በመጀመሪያ አክቲቪን ይሰጧቸዋል፤ ሕዋሳቱ ኢንዶደርም ይሆናሉ። ቀጥሎ ኤፍ-ጂ-ኤፍና ቢ-ኤም-ፒ፣ ከዚያ ኤች-ጂ-ኤፍ፣ በመጨረሻ ኦንኮስታቲን-ኤም ይጨምራሉ፤ ይህም በሽል ውስጥ ያለው ተራ ነው። በ2013 ጃፓናዊው ታካኖሪ ታኬቤና ባልደረቦቹ እንዲህ ያሉትን ሕዋሳት ከደም ሥርና ከደጋፊ ሕዋሳት ጋር ቀላቅለው ትናንሽ የጉበት እንቡጦች ሠሩ፤ በአይጥ ውስጥ ሲተከሉም ደም ሥር አገናኝተው የሰው አልቡሚን አመረቱ። ሆኖም ከግንድ ሕዋሳት የሚሠሩት ሄፓቶሳይቶች በአብዛኛው ከፅንስ ጉበት ይመሳሰላሉ። አልፋ-ፌቶፕሮቲን ማምረታቸውን ይቀጥላሉ፤ መድኃኒት የሚያፈርሱት ኢንዛይሞቻቸውም ከአዋቂው ያነሱ ናቸው። በተፈጥሮ እነዚህ ኢንዛይሞች የሚሟሉት ከልደት በኋላ፣ ሆርሞንና ምግብ ሲለወጡ በመሆኑ የላብራቶሪ ሕዋሳት ገና ያላለፉት ደረጃም ይኸው ነው።